በሁለት ካምፓስ መካከል ያለ ኦኤስፒኤፍ፦ የሄሎ ታይመሩን ላሳጥረው?

ስዊች24

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

የምሠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሁለት ካምፓስ አለን። በመካከላቸው ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን የራሳችን ፋይበር አለ። ለመጠባበቂያ ደግሞ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የሬዲዮ ሊንክ አለ። ዋናው ካምፓስ ሲስኮ ካታሊስት፣ ሌላኛው ሁዋዌ ስዊች ነው። ሁለቱም ሌየር 3 ናቸው (ራውቲንግ ይሠራሉ)፣ ኦኤስፒኤፍ (ስዊቾች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ይሠራሉ፣ ኤሪያ 0 (አንድ የኦኤስፒኤፍ ክልል) ብቻ። ፋይበሩ ቪላን 900 ላይ፣ ሬዲዮው ቪላን 901 ላይ ነው (ቪላን ማለት ስዊች ውስጥ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ ነው)። የሬዲዮው ኮስት (ዝቅተኛው የሚመረጥበት የመንገድ ዋጋ) ከፍ ስለተደረገ ፋይበሩ ደህና እስካለ ድረስ ሁሉም ትራፊክ በፋይበሩ ይሄዳል።

ችግሩ ፋይበሩ ሲቆረጥ ነው። አካባቢያችን መንገድ ስለሚቆፈር ደጋግሞ ይቆረጣል። ያኔ ወደ ሬዲዮው ለመዞር ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የአይፒ ስልኩ ይቋረጣል። ሬጅስትራር ያሉት ሥራ ላይ እያሉ ሲስተሙ ያስወጣቸዋል። የምዝገባ ሰሞን ከሆነማ ስልኬ አያርፍም። የሚገርመኝ፣ ፋይበሩ ተቆርጦም በሁለቱም ጫፍ ስዊቹ ላይ ያለው ፖርት አፕ ነው፤ መብራቱም አረንጓዴ ነው። ሎጉ ላይ የማገኘው ይህን ብቻ ነው፦

«ቪላን 900፣ ከፉል ወደ ዳውን፣ ኔበር ዳውን፦ ዴድ ታይመር ኤክስፓየርድ»

ስለዚህ ሄሎውን (ስዊቾቹ «አለሁ» የሚባባሉበትን ጊዜ) 1 ሰከንድ፣ ዴዱን (ሄሎ ሳይሰማ ጎረቤቱ ሞቷል የሚባልበትን ጊዜ) 3 ሰከንድ ላደርገው አስቤያለሁ። መጀመሪያ ቢሮ ባሉ ሁለት ትርፍ ስዊቾች ላይ ሞከርኩት። አንዱን ብቻ ስቀይር ኔበሩ (የጎረቤት ግንኙነቱ) ወደቀ፤ ሌላውን እስክቀይር ድረስም አልተነሳም። ኤሪያ 0 ውስጥ ሌሎች አራት ስዊቾች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አለብኝ ማለት ነው? ሌላው ካምፓስ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሰው የለበትም። ከዚህ ሆኜ ስቀይር መግቢያው ቢዘጋብኝስ? እና 1 እና 3 ደህና ቁጥር ነው ትላላችሁ?

ሲሲኤንፒ_ተማሪ

ከ1 ሰከንድ በታችም መውረድ ትችላለህ። ሲስኮ ላይ «አይፒ ኦኤስፒኤፍ ዴድ-ኢንተርቫል ሚኒማል ሄሎ-መልቲፕላየር 4» ብትል ዴዱ 1 ሰከንድ ይሆናል፣ ሄሎ ደግሞ በየ250 ሚሊሰከንዱ ይወጣል። እኔ ላብ (የሙከራ ኔትወርክ) ላይ ሞክሬው ቆንጆ ሠርቶልኛል።

ሌሊት_ኖክ

ወንድሜ ስዊች24፣ ጥያቄህን በደንብ አስቀምጠኸዋል፣ ቪላኖቹን መጻፍህም ጠቅሞኛል። ቀላሉን ላስቀድም።

አራቱን ሌሎች ስዊቾች አትንካቸው። ሄሎና ዴድ መመሳሰል ያለባቸው በአንድ ሊንክ ላይ በሚገናኙት ጫፎች ብቻ ነው። ታይመሩ የኢንተርፌሱ ነው፣ የኤሪያው አይደለም። ፋይበሩ 5 እና 20 ሆኖ ሬዲዮው 10 እና 40 ቢሆን ኦኤስፒኤፍ ምንም አይለውም። ኤሪያው በሙሉ አንድ ዓይነት ታይመር ሊኖረው ይገባል የሚል ነገር ብዙ ቦታ እሰማለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ፕሮቶኮሉ ግን እንዲህ አይልም።

ትርፍ ስዊቾቹ ላይ ያየኸውም ትክክለኛ ጠባዩ ነው። እያንዳንዱ የሄሎ ፓኬት የላኪውን ሄሎና ዴድ ይዞ ይመጣል። ተቀባዩ ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ፓኬቱን ይጥለዋል። «ዲበግ አይፒ ኦኤስፒኤፍ ሄሎ» ብትል እንዲህ ያለ መስመር ታያለህ፦

«ሚስማችድ ሄሎ ፓራሜተርስ... ዴድ አር 40 ሲ 20፣ ሄሎ አር 10 ሲ 5»

አር የሚለው ከጎረቤት የመጣው ነው። ሲ የሚለው አንተ ያዋቀርከው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እዚያው ጎን ለጎን ስለሚታዩ መገመት አያስፈልግም። ሁዋዌው ላይ «ዲስፕሌይ ኦኤስፒኤፍ ኤረር» በል፤ ሄሎ ታይመር ሚስማች እና ዴድ ታይመር ሚስማች የሚሉ ቆጣሪዎች አሉት። እነሱ እየጨመሩ ከሄዱ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

የተማሪው ሐሳብ ላብ ላይ ይሠራል፣ እውነቱን ነው። ለአንተ ግን አልመክረውም። ያ የሲስኮ አሠራር ነው፤ ፓኬቱ ውስጥ ያለውን የሄሎ ቦታ 0 አድርጎ ይልካል። ሌላኛው ጫፍህ ሁዋዌ ነው። ሁለት አምራች በሚገናኝበት ሊንክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማስገባት ለሚቀጥለው ሰው ጣጣ ማውረስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዲፎልት ሄሎው 10፣ ዴዱ 40 ነው። ፋይበሩ ሲቆረጥ የመጨረሻው ሄሎ ከደረሰ ቢበዛ 10 ሰከንድ ያህል ሆኖታል። ስለዚህ የምትጠብቀው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ አለፍ ያለው ከዚህ ነው የመጣው። ግን ልብ በል፣ ይህን ሁሉ ሰከንድ የምትጠብቀው ስዊችህ ፋይበሩ መቆረጡን ስለማያውቅ ብቻ ነው። ፖርቱ ዳውን ቢል ኖሮ ኦኤስፒኤፍ ዴድ ታይመሩን አይጠብቅም፤ ኢንተርፌሱ እንደወደቀ ኔበሩን ወዲያው ይጥላል። ያኔ ሄሎው 10 ሆነ 30 ለዚህ ጉዳይ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ታይመሩን ከመንካትህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። ፋይበሩ ስዊቹ ውስጥ በኤስኤፍፒ (ስዊቹ ላይ በሚሰካ የፋይበር ሞጁል) ነው የሚገባው ወይስ መሃል ላይ ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይር ሳጥን) አለ? ቪላን 900ስ ከዚያ ከአንድ ፖርት ውጪ ሌላ ቦታ ያልፋል? «ሾው ኢንተርፌስ ትራንክ» ብለህ አልፎ ከሆነ እይልኝ።

ስዊች24

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር አለ። ፋይበሩ ኮንቨርተሩ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በተራ የኔትወርክ ኬብል ወደ ስዊቹ ይገባል። አንድ ኮር ብቻ የሚጠቀም ዓይነት ነው፤ መላኪያውም መቀበያውም በዚያው አንድ ፋይበር ነው።

ትራንኩን (ብዙ ቪላን የሚያልፍበትን ሊንክ) አየሁት። ቪላን 900 በሁሉም ትራንክ ላይ አለ። ማንም አልገደበውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሌላው ካምፓስ ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ነው፣ ኮንቨርተሩ ግን ግድግዳ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው።

ደሴ_ፋይበር

እኔ የምሠራው ፋይበር ላይ ነው፣ ስለ ኦኤስፒኤፍ ብዙም አላወራም። የኮንቨርተሩ ነገር ግን የኔ ነው።

ተራ ኮንቨርተር ፋይበሩ ሲሞት የመዳቡን ጎን አይጥልም። ስዊችህ የሚያወራው ከኮንቨርተሩ ጋር እንጂ ከሌላው ካምፓስ ጋር አይደለም። መብራቱ አረንጓዴ የሚሆንብህ ለዚህ ነው። ብዙ ኮንቨርተሮች ግን ሊንክ ፎልት ፓስ-ስሩ የሚባል ነገር አላቸው። ጎኑ ላይ ወይም ከሥሩ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ረድፍ ታያለህ፣ አንዱ ኤልኤፍፒ ይላል። እሱን ካበራኸው ፋይበሩ ሲቆረጥ የመዳቡንም ጎን ይጥለዋል። ሁለቱም ጫፍ ላይ አብራው። ማኑዋሉ ካለህ አንብበው፤ አንዳንዱ ኮንቨርተር ማብሪያውን ከነካህ በኋላ ነቅለህ ካልሰካኸው አይቀበልም።

ከዚያ የሚሻለው ኮንቨርተሩን ጨርሶ ማውጣት ነው። ስዊችህ የኤስኤፍፒ ቀዳዳ ካለው ፋይበሩን በቀጥታ እዚያ ክተት። በአንድ ኮር ስለምትሠራ ባይዳይ ኤስኤፍፒ ነው የሚያስፈልግህ። እሱ ደግሞ ጥንድ ነው። አንዱ በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ልኮ በ1550 ከተቀበለ፣ ሌላው በ1550 ልኮ በ1310 መቀበል አለበት። ሁለት አንድ ዓይነት ገዝቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ሊንኩ በጭራሽ አይነሳም። ስትገዛ ሻጩን «ጥንዱን» በለው፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ራስህ እይ።

እስከዚያው ኮንቨርተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰካው። የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው።

ሌሊት_ኖክ

ደሴ_ፋይበር የጨረሰውን አልደግምም፣ ሁሉም ልክ ነው። የኮንቨርተሩን ሶኬት ግን ዛሬውኑ ቀይረው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኮንቨርተሩ ይሞታል፣ ስዊቹ ግን በዩፒኤስ ይቆያል። ያ ክፍተት ከ30 ሰከንድ ካነሰ ዴዱ 40 ስለሆነ ኦኤስፒኤፍ ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። ያ ሁሉ ትራፊክ እየጠፋ ራውቲንጉ ግን ደህና ነኝ እያለ ይቆያል። ዴዱን አሳጥረህ ኮንቨርተሩን እዚያው ብትተወው ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ኔትወርክህ ወደ ሬዲዮ ሄዶ ይመለሳል።

አሁን ቪላን 900። ይሄ ነው ያሳሰበኝ። ኤልኤፍፒውን አብርተህ ፖርቱ ዳውን ቢል እንኳ፣ ቪላን 900 በሌሎች ትራንኮች ላይ ስላለ ኢንተርፌስ ቪላን 900 አፕ ሆኖ ይቀራል። የቪላን ኢንተርፌስ የሚወድቀው በዚያ ቪላን ውስጥ ያሉት ፖርቶች በሙሉ ሲወድቁ ነው። አንድ ትራንክ ከቀረ በቂ ምክንያት ነው፣ አይወድቅም። ኦኤስፒኤፍም እንደገና 40 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ ቪላን 900ን ከሌሎቹ ትራንኮች ላይ አውጣው፤ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን ሪሙቭ 900»። ሪሙቭ የሚለውን ቃል እንዳትዘልለው። ያለ እሱ ቁጥሩን ብቻ ከጻፍክ 900ን ብቻ ፍቀድ ማለት ይሆናል፣ ሌላው ቪላን ሁሉ ይቆረጣል። 901ንም እንዲሁ አድርገው። በሁዋዌውም በኩል ትራንኮቹን ተመልከት። ከቻልክ ደግሞ በሲስኮው በኩል ፖርቱን «ኖ ስዊችፖርት» ብለህ አይፒውን በቀጥታ ፖርቱ ላይ አድርገው፤ የቪላን ጉዳይ ከነጭራሹ ይቀራል።

ሁለቱንም ሊንክ ፖይንት-ቱ-ፖይንት አድርጋቸው። ሲስኮ ላይ «አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ፖይንት-ቱ-ፖይንት»፣ ሁዋዌ ላይ «ኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ-ታይፕ ፒቱፒ»። አሁን ብሮድካስት ስለሆነ ሊንኩ በተነሳ ቁጥር ዲአር (የሊንኩን ተወካይ ስዊች) ለመምረጥ የዴድ ታይመሩን ያህል፣ ማለትም 40 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። ሁለት ስዊች ብቻ ባለበት ሊንክ ላይ ምርጫ አያስፈልግም። ግን ሁለቱንም ጫፍ ቀይር። አንዱ ብሮድካስት አንዱ ፖይንት-ቱ-ፖይንት ሆኖ ታይመሩ ከገጠመ ኔበሩ ፉል ይላል፣ ራውቶቹ ግን ቴብሉ ውስጥ አይገቡም። ይህን የመሰለ ራስ ምታት የለም፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላልና።

ቁጥሩን ጠይቀኸኛል። 1 እና 3 አትበል። ምክንያቱን ልንገርህ። ሲስኮ ላይ ሄሎውን 1 ስትለው ዴዱን በራሱ አራት እጥፍ ያደርገዋል፣ 4 ይሆናል። ሁዋዌው ላይ በእጅህ 3 ጽፈህ ከሆነ አልገጠመም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ሁለቱንም ቁጥር ራስህ ጻፍ፣ ለአምራቹ አትተውለት። ሁለተኛ፣ ሄሎ የሚስተናገደው በስዊቹ ሲፒዩ ነው። ዳታውን የሚያስተላልፈው ቺፕ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ኬብል ሁለቱንም ጫፉን አንድ ስዊች ላይ ሰክቶ ሉፕ ቢፈጥር ሲፒዩው ጣሪያ ይነካል። ያኔ ሦስት ሄሎ በተከታታይ ማምለጡ ቀላል ነው። ፋይበሩ ምንም ሳይሆን ኔበርህ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። በወደቀና በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሌሎቹ ስዊቾች ሁሉ መንገዱን እንደገና ያሰላሉ። ችግሩ ከአንድ ሊንክ ወጥቶ ኤሪያው ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ለፋይበሩ 5 እና 20 በቂ ነው ባይ ነኝ። ፖርቱ ራሱ ዳውን እያለ ስለሚነግርህ ይህ ታይመር የሚያስፈልግህ ለሌላው ዓይነት ብልሽት ብቻ ነው። ሬዲዮውን በ10 እና 40 ተወው። ክረምት ሲገባ ዝናብ ሲያገኘው ፓኬት ይጥላል፤ አጭር ታይመር ካደረግክበት የመጠባበቂያ መንገድህን ራስህ ታዘልለዋለህ። ደግሞም ኮርህ (ዋናው ካምፓስ ያለው ዋና ስዊች) ስታክ (እንደ አንድ የሚሠሩ ብዙ ስዊቾች) ከሆነና ኤንኤስኤፍ (አባል ሲቀያየር ትራፊክ ሳይቋረጥ እንዲያልፍ የሚያደርግ) ካለው ታይመሩን ከዚህ በላይ አታሳጥር። አንዱ አባል ወድቆ ሌላው እስኪረከብ ዴዱ ካለፈ ኤንኤስኤፍ ያለ ሥራ ይቀራል።

ከሰከንድ በታች የሚያስፈልግህ ከሆነ መንገዱ ቢኤፍዲ (የሊንክ መቋረጥን በፍጥነት የሚያውቅ ፕሮቶኮል) ነው። መሥፈርቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5880 ስለሆነ ሁለቱም አምራች ያውቀዋል። ሲስኮ ላይ ኢንተርፌሱ ውስጥ «ቢኤፍዲ ኢንተርቫል 300 ሚን_አርኤክስ 300 መልቲፕላየር 3»፣ ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ደግሞ «ቢኤፍዲ ኦል-ኢንተርፌስስ» ትላለህ። ሁዋዌ ላይ መጀመሪያ «ቢኤፍዲ»ን በግሎባል ታበራለህ፣ ከዚያ ኦኤስፒኤፍ ውስጥ «ቢኤፍዲ ኦል-ኢንተርፌስስ ኢኔብል»። 300 በ3 ማለት 900 ሚሊሰከንድ ነው። ቢኤፍዲ ከሄሎ የሚለየው፣ ጊዜውን ሁለቱ ጫፎች ተነጋግረው ይስማሙበታል፤ ቁጥሩ ባይገጥምም አይጣሉም። ሲስኮው ላይ «ኖ ቢኤፍዲ ኤኮ» ብትጨምር ከሁዋዌው ጋር ይግባባልሃል። ላይሰንሱ መፍቀዱን ግን አስቀድመህ አረጋግጥ።

በመጨረሻ፣ መግቢያው እንዳይዘጋብህ። ማምሻውን ሥራው። መጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ የፋይበሩን ኮስት ከሬዲዮው በላይ አድርገው። ትራፊኩ ማንም ሳይነካው ወደ ሬዲዮ ይሄዳል። አንዱን ጫፍ ብቻ ከቀየርክ ሄዶ የሚመለሰው በተለያየ መንገድ ይሆናል፣ ስለዚህ ሁለቱንም። ከዚያ ከኮሩ ላይ ሆነህ ወደ ሁዋዌው በሬዲዮው አድራሻ፣ ማለትም በቪላን 901 አይፒ ግባ። ያ አድራሻ ከኮሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ኦኤስፒኤፍ ቢወድቅ እንኳ አንተ አትወድቅም። የሩቁን ጫፍ አስቀድመህ ቀይር፣ ቀጥለህ የቅርቡን። ኔበሩ ፉል ሲል ኮስቱን መልሰው። ኮንፊጉን ሴቭ የምታደርገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲሲኤንፒ_ተማሪ

እህቴ፣ ኢአይጂአርፒ (ሌላ የራውቲንግ ፕሮቶኮል) ላይ ግን ታይመር ባይገጥምም ኔበር ይነሳል አይደል? ፈተና ላይ ያደናገረኝ እሱ ነው።

ሌሊት_ኖክ

ይነሳል፣ ትክክል ነህ። ኢአይጂአርፒ ላይ ሆልድ ታይሙን የምትነግረው ለጎረቤትህ ነው፤ «ከእኔ ይህን ያህል ጊዜ ካልሰማህ ጣለኝ» ማለት ነው። በተራ ኢተርኔት ሄሎው 5፣ ሆልዱ 15 ነው። ግን ሄሎውን ስትቀይር ሆልዱ አብሮ አይቀየርም። ሄሎውን 20 ብለህ ሆልዱን 15 ብትተወው ኔበርህ ሲወድቅና ሲነሳ ይውላል። የሲስኮ ኦኤስፒኤፍ ላይ ግን ሄሎው ዴዱን ይዞት ይሄዳል።

ስዊች24

ተመልሼ መጣሁ። ኮንቨርተሩ ዩፒኤስ ላይ ገብቷል። ሁለቱም ላይ ኤልኤፍፒ ነበራቸው፣ አብርቻቸዋለሁ። ቪላን 900ና 901ን ከሌሎቹ ትራንኮች አውጥቻለሁ፣ ሁለቱም ሊንክ ፖይንት-ቱ-ፖይንት ሆኗል፣ ፋይበሩ 5 እና 20 ነው። ልክ እንዳልሽው በሬዲዮው አድራሻ ገብቼ ነው የሠራሁት፣ ማንም ሳያውቅ አለቀ።

ከዚያ አንድ ባልደረባዬ ሌላው ካምፓስ ሄዶ ፋይበሩን ነቀለልኝ። ፖርቱ ወዲያው ዳውን አለ፣ ኢንተርፌስ ቪላን 900ም ወደቀ፣ ኔበሩም በዚያው ሰከንድ። ፒንጉ ግን ስድስት ጠፋበት ከዚያ ተመለሰ። ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰከንድ ከታወቀ ቀሪው አምስት ሰከንድ የት ሄደ?

ሌሊት_ኖክ

እሰይ! የሲስኮህ አይኦኤስ (የስዊቹ ሶፍትዌር) ቆየት ያለ ይመስለኛል። «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ» በልና «ኢኒሻል ኤስፒኤፍ ስኬጁል ዲሌይ» የሚለውን መስመር ፈልግ። 5000 ሚሊሰከንድ ካለ አምስቱ ሰከንድ እሱ ነው። ኔበሩ መውደቁን አውቆም መንገዱን ከማስላቱ በፊት ሆን ብሎ ይጠብቃል። ታይመር እስከ 1 ሰከንድ ብታወርድም ይህ አምስት ሰከንድ አይቀነስም ነበር።

ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ገብተህ «ታይመርስ ትሮትል ኤስፒኤፍ 50 200 5000» በል። የመጀመሪያውን ስሌት በ50 ሚሊሰከንድ ይጀምራል። ለውጡ ከተደጋገመ ግን መጠበቂያውን ራሱ እያረዘመ እስከ 5 ሰከንድ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሲፒዩውን አያስጨንቅም። ይህኛው በሁለት ጫፍ መመሳሰል የለበትም። ሁሉም ሲስኮዎችህ ላይ አስገባው፤ ሁዋዌው የራሱ አሠራር አለው፣ በዲፎልቱ ተወው። ከዚያ ባልደረባህን ፋይበሩን አንዴ ይንቀልልህና ፒንጉን እይ።

ስዊች24

5000 ነው የሚለው፣ አገኘሁት! ዛሬ ማታ አስገባዋለሁ። ላይሰንሳችን ቢኤፍዲን አይፈቅድም፣ ስለዚህ ለአሁኑ በዚህ እቆያለሁ። የባይዳዩን ጥንድ ለግዥ ክፍል ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ደሴ_ፋይበር ያልካቸውን 1310 እና 1550 ሁለቱንም ማመልከቻው ላይ በግልጽ አስፍሬያለሁ።